ከወናፉ አጠገብ የተቀመጠ የገበሬ ልጅ

ብረት ቅጥቀጣን በበጋው ትርፍ ጊዜ ስለ መማር

ከእርሻ ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን፣ ይጁቤ

ገበሬው ከሚያርስባቸው መሣሪያዎች አብዛኛዎቹን በገዛ እጁ ያበጃቸዋል። ሞፈሩን ከዛፍ ቆርጦ ይጠርባል፤ ቀንበሩን ያለዝባል፤ ድግርና እርፉን ያስተካክላል፤ ምራኑን ከቆዳ ይተለትላል። ማረሻውና ወገሉ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ያጥራል። ለእነዚህ ለሁለቱ ከቀጥቃጩ ደጃፍ መሄድ ግድ ይለዋል። አፈሩን ሰንጥቆ የሚገባውም ይኸው የቀጥቃጩ ብረት ነው።

የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የምትገኝ ስትሆን፣ የወረዳው መሬት ከደጋው እየወረደ እስከ ዓባይ ሸለቆ ይዘልቃል። ጤፉም፣ ስንዴውም፣ በቆሎውም በበሬ ጉልበት የሚመረት ነው። የጤፍ ማሳ ዘር እስኪዘራበት ድረስ አራት አምስት ጊዜ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይታረሳል። ይህን ያህል የተመላለሰ ማረሻ ጫፉ እየተበላ ያጥራል፤ ይደንዛል። የደነዘ ማረሻ አፈሩን ከመሰንጠቅ ይልቅ ላዩን ይፍቃል፤ በሬው ቶሎ ይደክማል፤ ትልሙም ጥልቀት ያጣል። በሰኔ መሬቱ እርጥበት በያዘበት ሰሞን አንድ ማረሻ ሳይሳል ሁለት ቀን ቢያድር ሁለት የእርሻ ቀን ባከነ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከዘጋቢው ይልቅ ያውቁታል። መነጋገሪያ ሊሆን የሚገባው ሌላው ነው። ቀጥቃጩ ያረጀበት፣ ከልጆቹም አንድ እንኳ መዶሻውን ያልተረከበበት መንደር ምን ይውጠዋል? የቀጥቃጭ ልጅ ያልሆነ የገበሬ ልጅ በበጋው ትርፍ ጊዜ ከወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ሙያውን በቁም ነገር ልማር ቢልስ መንደሩ ምን ይለዋል?

ሕጉ የተናገረው፣ መንደሩ ያልሰማው

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ይሰደባል። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ማለት፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል ብሎ ማውራት፣ ዓይኑን መፍራት፣ ከልጁ ጋር ጋብቻ አለመፈጸም በደጋው አገር ረዥም ዕድሜ ያለው ጎጂ ልማድ ነው። ሚስቱ ሸክላ ሠሪ ብትሆን እሷም በዚያው ስድብ ትጠራለች። ሰውየው በሠራው ማረሻ ታርሶ፣ እሷ በሠራችው ምጣድ ተጋግሮ፣ እንጀራው ሲቀርብ ሁለቱ ከማዕዱ ይርቃሉ። ልጅ በታመመ ጊዜ ደግሞ ወደ ጤና ኬላ ከመውሰድ ይልቅ የበላውን ቡዳ ፍለጋ ቀን የሚባክንበት ቤት አለ፤ የዚህ ልማድ ዕዳ ቀጥቃጩ ላይ ብቻ የሚያርፍ አይደለም።

ቡዳነት ከብረቱ የሚመጣ ከሆነ ማረሻውን ይዞ የሚውለው ገበሬ በምን ያመልጣል? በደም የሚወርድ ነው ከተባለም መዶሻ መጨበጥ ማንንም አይለውጥም ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው የሚከራከር ሰው አላጋጠመንም።

ሕግ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን ሰው በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ ሲሳደብ የተገኘም አንድ ዓመት እንዲታሰር አዝዘዋል። በዚያው አዋጅ አፈር ገፊ እየተባለ የሚሰደበው ገበሬም ከተሰዳቢዎቹ ጋር ተቆጥሯል። ዛሬ ቀጥቃጩን የሚሰድብ ገበሬ የራሱ አያት በዚያው መዝገብ ውስጥ መኖሩን ቢያውቅ መልካም ነበር።

ከዚያም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን የሕዝብ አድርጎ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ መሬት በራሱ ጉልበት ለሚያርስ ሁሉ እንዲደለደል ሲወስን፣ ርስት የለህም ይባል የነበረው የእጅ ጥበብ ባለሙያም በገበሬ ማኅበሩ በኩል መሬት የሚጠይቅበት በር ተከፈተለት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 25 ሰዎች በማኅበራዊ አመጣጣቸውና በትውልዳቸው ልዩነት ሳይደረግባቸው በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል።

ከመጀመሪያው አዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ግን ከፍርድ ቤት ይልቅ በጠላ ቤት፣ በውሃ መቅጃና በደቦ ላይ የሚኖር ስለሆነ አዋጅ ብቻውን አይደርስበትም። የሚደርስበት በጉባኤው ላይ አፉን የሚከፍት የመንደሩ ሰው ነው። የቀጥቃጩ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ከአባቱ ወናፍ የሸሸ እንደሆነም ማንም ሊፈርድበት አይችልም፤ የሸሸው ከስድቡ እንጂ ከሥራው አይደለም።

በትርፍ ጊዜ የሚማር ማን ነው?

ብረት መቀጥቀጥን እንደ መተዳደሪያ ሳይሆን እንደ ትርፍ ጊዜ ሙያ፣ ሆኖም በቁም ነገር መያዝ በሌላው ዓለም የተለመደ ነገር ነው። በሰሜን አሜሪካ መኪናና ትራክተር ፈረሱን ሲተኩ የፈረስ ጫማ የሚቀጠቅጠው ባለሙያ ከየመንደሩ ጠፍቶ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ሙያው እንዳይሞት የሚሹ ሰዎች በጆርጂያ ግዛት ተሰብስበው የቀጥቃጮች ማኅበር አቋቋሙ። በዚያ አገር ዛሬ መዶሻ ከሚጨብጡት ውስጥ ብዙዎቹ በሌላ ሥራ የሚተዳደሩ፣ በዕረፍት ቀናቸው ከእሳቱ ፊት የሚቆሙ ናቸው። ከጠፋ በኋላ ፈልጎ ማግኘት ግን ብዙ ድካም የጠየቀ ነው፤ አሮጌ መስፍ ከየጎተራው መፈለግ፣ በሕይወት የተረፈውን ሽማግሌ አፈላልጎ መጠየቅ ነበረባቸው። እኛ ዘንድ ሽማግሌው ገበያ ዳር ተቀምጦ ይገኛል።

በአገራችንም ቢሆን ሙያን ከባለሙያ አጠገብ አስቀምጦ የማስተማር ሙከራ አዲስ አይደለም። አጼ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሠራተኞችንና አገሬውን በአንድነት አሠርተው፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስቀልጠው ወደ መቅደላ አስጎትተዋል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የጋፋት ሥራም አብሮ ቆመ። ንጉሡ ሲያልፉ እሳቱ የጠፋው ሙያው በየመንደሩ ሥር ሳይሰድድ በመቅረቱ ነው ብንል ከእውነቱ ብዙም አንርቅም። የመንደሩ ቀጥቃጭ ወናፍ ግን ያኔም አልቆመም፤ ከዚያም በኋላ አልቆመም።

በይጁቤና በመሰል አካባቢዎች ትርፍ ጊዜ ያለው ማን እንደሆነ የወቅቱ ሥራ ይነግረናል። የቀጥቃጩ ጥድፊያ ሁለት ነው፤ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ በማረሻ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በማጭድ። ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ለእሱም ለገበሬውም ቀለል ይላል። አሥረኛ ክፍል ደርሶ ቤት የተቀመጠ ወጣት፣ መሬት ያልደረሰው አዲስ ባለትዳር፣ ከሰዓት በኋላ ነፃ የሚሆን መምህር በዚህ ጊዜ ከወናፉ አጠገብ ሊቀመጡ ይችላሉ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ብየዳና ብረታ ብረት እንደሚያስተምሩ የታወቀ ነው። መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ግን የብየዳ ማሽን አይሠራም፤ ከሰልና ወናፍ ይሠራሉ። በስልክ ላይ የሚታየው የባሕር ማዶ ቀጥቃጭ የጋዝ ምድጃና በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዶሻ አለው፤ መመልከቱ ደስ ይላል፤ ለይጁቤ ጀማሪ የሚበጀው ግን ሁለት የፍየል ሌጦ ወናፍ የሚነፋው ሽማግሌ ነው።

እሳቱን ማወቅ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ ቀጥቃጭ ዘንድ ለተወሰኑ የበጋ ቀናት ወናፍ ነፍቷል። ተማሪ በመጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ይኸው ነው። የዋዛ ሥራ ይመስላል። ሁለቱ ስልቻዎች እየተፈራረቁ ካልተነፉ ነፋሱ ይቆራረጣል፤ ነፋሱ ሲቆራረጥ እሳቱ አንድ ጊዜ ይግላል፣ አንድ ጊዜ ይበርዳል፤ ብረቱም በአንድ በኩል ሲነድ በሌላ በኩል ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ነፋሱ በሸክላው ቧንቧ በኩል ከከሰሉ ሥር ይገባል፤ ብረቱ የሚቀመጠው ከቧንቧው አፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ከፍ ብሎ፣ ከላይም ከታችም ፍም እንዲኖረው ሆኖ ነው። ይህን ለማወቅ ቀናት ይፈጃል። አንዳንድ ወጣት በሦስተኛው ቀን የሚቀረውም እዚህ ላይ ነው፤ መዶሻ ልይዝ መጥቼ ስልቻ እነፋለሁ ወይ እያለ።

ቀጥሎ ዓይን ይማራል። ቀጥቃጭ ሙቀትን የሚለካው በመልክ ነው። የደረቀ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ቀይ ገና ነው፤ በዚህ መልክ የተመታ ብረት ይሰነጠቃል። ብርቱካን የመሰለ ደማቅ መልክ፣ ማለትም 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ፣ ብረቱ እንደ ሊጥ እሺ ይላል፤ ብዙው ሥራ የሚሠራው በዚህ ነው። ቢጫው ወደ ነጭ ተለውጦ የእሳት ፍንጣሪ መትፋት ከጀመረ ብረቱ መቃጠል ጀምሯል፤ የተቃጠለ ብረት አይመለስም። መልኩን አጥርቶ ለማየት ጥላ ያስፈልጋል፤ በጠራራ ፀሐይ ብርቱካኑ ቀይ መስሎ ይታያል። ቀጥቃጩ ዳሱን አጨልሞ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። መንደሩ ግን ጨለማውን ለሌላ ወሬ ማስረጃ አድርጎታል።

ብረቱን መለየት

ቀጥቃጩ ዛሬ ከአፈር የተቀዳ ብረት አያቀልጥም፤ የሚሠራው ከቁርጥራጭ ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት እየተቆረጠና እየተቀጠቀጠ አዲስ ዕቃ እንደሚሆን ሁሉ በገጠሩም የመኪና ባሌስትራ፣ የግንባታ ፌሮ፣ ያረጀ ሞረድና የተሰበረ ዶማ ተመልሰው ወደ እሳት ይገባሉ። ሁሉም ብረት ግን አንድ አይደለም። ልዩነቱን የሚያመጣው በውስጡ ያለው የካርቦን መጠን ነው። ባሌስትራ ከመቶው ግማሽ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ካርቦን አለው፤ ስለዚህ ግሎ ሲነከር ይጠነክራል፤ ለቢላ፣ ለመጥረቢያና ለማረሻ ጫፍ ይሆናል። ሞረድ ወደ አንድ ከመቶ ይጠጋል፤ ስለት ይይዛል፤ ያለ አያያዝ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። የተለመደው ፌሮ ከባሌስትራ ያነሰ ካርቦን ስላለው ለወገል፣ ለመንጠቆና ለማጠፊያ ይሻላል፤ ቢላ ቢሠሩበት ስለቱ በአንድ ሳምንት ይታጠፋል።

የማይታወቅ ብረት ያጋጠመው ተማሪ ከጫፉ የጣት ስፋት ያህል ቆርጦ፣ አግሎ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ በመዶሻ ይመታው። እንደ ጠርሙስ ከተሰበረ ለስለት ይሆናል፤ ከታጠፈ ለስለት አይሆንም። ይህን ሲያደርግ ፍንጣሪው ዓይን ስለሚያጠፋ በጨርቅ ሸፍኖ ይምታው።

ማጠንከርና ማለዘብ የሙያው አስኳል ነው ማለት ይቻላል። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት መያዙን ይተዋል፤ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ማግኔት ያለው ጀማሪ በዚህ ምልክት ይጠቀም። ማግኔቱ አልይዝ ካለ በኋላ ጥቂት ይጨምርና ይንከረው። ባሌስትራ በውሃ ሲነከር አንዳንድ ጊዜ ስለሚሰነጠቅ ሞቅ ያለ ዘይት ይሻለዋል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ጭሱ ስለሚጎዳ የምግብ ዘይት ዝቃጭ ይመረጣል። እንዲህ የተነከረ ብረት ጠንካራም ተሰባሪም ነው። ስለዚህ ላዩ እስኪያበራ ድረስ ይታሽና በቀስታ እንደገና ይሞቃል። በላዩ ላይ መልክ ሲሄድ ይታያል። በመጀመሪያ የጤፍ ጭድ የመሰለ ብጫ ይመጣል፤ ይህ 220 ዲግሪ ያህል ነው፤ ለምላጭና ለቢላ ይበቃል። ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ 280 አካባቢ ሐምራዊ፤ ለመጥረቢያና ለመሮ እዚህ ላይ ይቁም። 300 ላይ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ስለቱ ለዝቧል። አሮጌው ቀጥቃጭ ቁጥሮቹን አይጠራም፤ መልኩን ግን አይስትም። ቁጥሩን ያነበበው ተማሪና መልኩን የሚያውቀው ሽማግሌ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ተማሪው መጀመሪያ የሚሠራው ማረሻ አይሁን። አንድን ዘንግ እኩል እያሾለ ማርዘም፣ ምስማር ማውጣት፣ መንጠቆ ማጠፍ፣ ከዚያ መሮ፣ ከዚያ ቢላ፣ ከዚያ ማጭድ፤ በዚህ መንገድ አንድ በጋ ያልቃል። ማረሻ የሁለተኛው ወይም የሦስተኛው በጋ ሥራ ነው። ጫፉ ከመሐል ትንሽ ካፈነገጠ በሬውን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፤ እንጨቱ የሚገባበት ቀዳዳ ከሰፋ እየወለቀ ትልም ያበላሻል። ባለቀ ማረሻ ላይ አዲስ ብረት በእሳት ማጣበቅ ደግሞ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ሁለቱ ብረቶች ለመቃጠል አንድ ስንዝር ሲቀራቸው መገናኘት አለባቸው። ይህን አጥርቶ የሚሠራ ሰው በገበያው ይታወቃል።

እንዲህ ያለው እጅ ለእርሻ ማሻሻያም ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ሁለት ባህላዊ ማረሻዎችን በማጣመር፣ በጥቁር መሬት ላይ ውሃ የሚያንጣፍፍ ሰፊ መደብ የሚያወጣውን ቢቢኤም የተባለውን መሣሪያ ሠርቶ ነበር። መሣሪያው ብረትና ሰንሰለት አለበት። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከመንገድ ርቆ ባለ ቀበሌ ሲሰበር የሚጠግነው ከሌለ አጥር ሥር ወድቆ ይቀራል። በኤክስቴንሽን ሥራ ላይ ያለን ሰዎች አዲስ መሣሪያ ስናስተዋውቅ ቀጥቃጩን ሳንጠራ ገበሬውን ብቻ የምንሰበስብበት ልማድ መቅረት አለበት።

ስለ አደጋው

የወላንድ ፕላስቲክ ወይም ኮንጎ ጫማ አድርጎ እሳት ዘንድ መቆም አይገባም፤ ፍሙ ሲወድቅበት ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። ጋቢና ፎጣ ይውለቁ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮና የውሃ ቧንቧ እሳት ውስጥ ቢገባ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ሕመም ያመጣል። ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቧንቧና የመኪና ሾክ ሲግሉ ይፈነዳሉ። ከሁሉ የሚከፋው ከቁርጥራጭ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣ ያልፈነዳ ጥይትና የጦር መሣሪያ ነው። ምንነቱ ያልታወቀ፣ ከንፈሩ የታሸገ ነገር ማንም ቢያመጣው አይነካ፤ ከሰው ርቆ ባለበት ይተውና ለሚመለከተው አካል ይነገር። ልጆች ብረት እንዲለቅሙ ማሰማራትም በዚሁ ምክንያት መከልከል አለበት።

ከሰሉም ሊታሰብበት ይገባል። ለብረት ማቅለሚያ ተብሎ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ወይም የገደል ዳር ደን አይነካም። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር በማሳቸው ላይ ተክለው ከሰል እያከሰሉ ይጠቀማሉ። በባሶ ሊበን ባሕር ዛፍ ያለው ገበሬ ከራሱ ተክል ቅርንጫፍ አክስሎ ለወናፉ ቢያቀርብ የማንም ደን አይጎዳም።

ቀጥቃጩ ለምን ያስተምራል?

ብዙ ጊዜ የማይነሳው ጥያቄ ይህ ነው። መሬት ሲከለከል ለኖረ ቤተሰብ ሙያው ርስቱ ነበር። ትናንት በስድብ ያራቀው መንደር ዛሬ መጥቶ ሙያህን አካፍለን ሲለው ቢጠረጥር አያስደንቅም። ተማሪው ነገ ገበያ ወጥቶ ደንበኛውን ቢነጥቀውስ? የገበሬው ልጅ መሬትም በሬም አለው፤ ቀጥቃጩ ያለው መዶሻ ነው።

ስለዚህ ውሉ አስቀድሞ፣ በሽማግሌ ፊት ሊነገር ይገባዋል። ተማሪው ከሰሉን ያቀርባል፤ ወናፉን ይነፋል፤ ለትምህርቱም በእህል ወይም በገንዘብ ይከፍላል። ተማሪው የሚሠራው ለራሱ ቤትና ለቅርብ ጎረቤቱ ትናንሽ ዕቃ ይሆናል፤ የገበያው ማረሻና ማጭድ የቀጥቃጩ እንደሆነ ይቀራል። በጥድፊያው ወራት፣ በሰኔ ወረፋ ሲበዛ፣ ተማሪው ከቀጥቃጩ ሥር ሆኖ ያግዛል፤ የድርሻውንም ያገኛል። የቀጥቃጩ ልጆችና ሴት ልጆቹም መማር ቢፈልጉ ቅድሚያው የነሱ ነው። ሙያውን ለባዕድ እያስተማሩ ባለቤቱን ማስቀረት ሌላ ግፍ ይሆናል።

ቃልም ዋጋ አለው። በጎጃም ልጅ ታላቁን ሰው «አያ» ብሎ ይጠራል። ቀጥቃጩ ሽማግሌ ሆኖ ሳለ በልጅ አፍ «አንተ» ሲባል የሚውልበት ገበያ አለ። ከወናፉ አጠገብ የሚቀመጠው ወጣት መጀመሪያ ሊያስተካክለው የሚገባው ይህን ነው፤ «አያ» ብሎ ያልጠራውን ሰው ሙያ ሊጠይቅ አይችልም። የገበሬ ልጅ በገበያ መሐል፣ ሰው እየሰማ፣ ቀጥቃጩን «አያ» ሲል አንድ ስብሰባ የማይሠራውን ይሠራል። እሱም በበኩሉ «ቡዳ ሆንክ» የሚባልበት ቀን ይመጣል፤ እጮኛው ቤት ወሬው ይደርሳል። ያን ቀን ብቻውን እንዳይቆም ማድረግ የመሪዎቹ ድርሻ ነው።

መሪዎቹ ሊያደርጉት የሚችሉት ከአቅማቸው በላይ አይደለም። ገበያው ዳር፣ ከሣር ክዳን ቤቶች ራቅ ያለ፣ ውሃ የሚቀርበው አንድ ቁራጭ ቦታ ለወናፉ ዳስ ይፈቀድ። የተሰበረ ብረት በየቤቱ ወድቆ ከሚዝግ በአንድ ቦታ ይከማች። ቀጥቃጩ በደቦው፣ በዕድሩና በጉባኤው ላይ እንደማንኛውም አባል ተጠርቶ ይቀመጥ፤ በሙያው የተሰደበ እንደሆነም ጉዳዩ የጠላ ቤት ጨዋታ ተብሎ ሳይታለፍ በሽማግሌዎች ይታይ፣ ከዚያም ካለፈ ወደ ሕግ ይሂድ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ የማረሻውን ዋጋ በዱቤ እያቆየ ሌላውን ስለ መክፈል ቢመክር ግን የሚሰማው አይኖርም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አጨዳው ሳያልቅ ኅዳር ውስጥ ከቀጥቃጩ ጋር ንግግሩ ቢጀመር፣ ታኅሣሥ ላይ ከሰሉ ተከስሎ ይደርቃል፤ ከጥምቀት በኋላ ወናፉ መነፋት ይችላል። ለመጀመሪያው በጋ ሁለት ተማሪ ይበቃል፤ አንድ ሰው ሲነፋ ሌላው ይመታል። ሦስተኛው ከተጨመረ ከሰሉ ያልቃል፤ ሽማግሌውም ይሰለቻል።